በርጩማ ከመግዛትዎ በፊት

ቤትዎ ውስጥ አንድ በርጩማ ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት ቡና በሚፈላበት ጥግ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ምናልባትም ሳሎን ውስጥ ለጌጥ ሆኖ አበባ ተደርጎበታል። እስቲ አንዴ አንሥተው ይገልብጡት። ከላይ ለስልሶና ቀለም ጠጥቶ የሚያብረቀርቀው እንጨት ከሥሩ ሌላ መልክ አለው። የመጥረቢያው ምት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይታያል። እያንዳንዷ ቅርፊት የአንድ ሰው ክንድ አንዴ ተነሥቶ የወረደባት ናት።

ልጅዎ "ይህን ማን ሠራው?" ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሳሉ? አብዛኞቻችን የገዛንበትን ሱቅ እንነግረዋለን እንጂ ሠሪውን አናውቀውም። እንዴት እንደተሠራማ ጭራሽ።

በየቅዳሜው ልጆቻችንን ለቴኳንዶ፣ ለዋና፣ ለፒያኖ፣ አሁን አሁን ደግሞ ለኮዲንግ እናመላልሳለን። ይህ ጽሑፍ አንድ ሌላ ትምህርት ሊያስታውስዎ ይፈልጋል። ማሽን በሌለበት፣ በመጥረቢያ፣ በመሮና በቢላ ብቻ እንጨትን ቅርጽ ማስያዝ። ቦታው ነቀምትና የወለጋ ከተሞች ናቸው። ልብ ይበሉ፤ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ ደረሰኝና የምስክር ወረቀት ያለው ትምህርት ቤት እየጠቆምኩዎት አይደለም። ትምህርት ቤቱ የአንድ እንጨት ጠራቢ ደጅ ነው፤ ክፍሉን የሚከፍቱትም እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ለምን ወለጋ?

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አምቦንና ባኮን አልፈው ይደርሱባታል። ከነቀምት ወዲያ መንገዱ ወደ ደዴሳ ወንዝ ቆላ ይወርድና እንደገና ወደ ጊምቢ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ነጆና መንዲ፣ ወደ ደምቢ ዶሎም ይቀጥላል። ያለፉት ዓመታት ይህን መንገድ ምን ያህል እንደፈተኑት ያውቃሉ። ከመነሣትዎ በፊት እዚያው ከሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ስለ መንገዱ ሳይጠይቁ አይውጡ፤ ልጅ የያዘ ሰው በዚህ ነገር አይደፍርም።

አገሩ የቡና፣ የማርና የኑግ አገር ነው። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ጥላ ከሚሆኑለት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ የወለጋ ሰው ወዴሳ የሚለው። ሲያብብ ነጭ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ቢጫ ፍሬው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ስለሆነ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ጣቱን አጣብቆበታል። እንጨቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ለስለት ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላ እምብዛም አይጣመምም። እንግዲህ ቡናውን ያጠለለው ዛፍ መጨረሻ ላይ ቡናው የሚጠጣበት በርጩማ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ አገር ቤት ውስጥ እንጨት ያልገባበት ሥራ አልነበረም። ሙቀጫና ዘነዘናው፣ ገበቴው፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ በርጩማው ሁሉ ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። ቋንቋችንም ይህን አይረሳም። በርጩማ በአማርኛም በኦሮምኛም በርጩማ ነው። ገበቴም በሁለቱም ቋንቋ ያው ገበቴ ነው። እኛ ደግሞ ምግብ ቀረበ ለማለት "ገበታ ቀረበ" ስንል ሳናስበው ከእንጨት የተጠረበ ዕቃ እየጠራን ነው፤ ሳህኑ ቻይና የተሠራ ቢሆንም።

ነቀምት ሲገቡ ጉዞዎን ከወለጋ ሙዚየም ይጀምሩ። የአካባቢው ኦሮሞ ሕዝብ የቤት ዕቃዎች፣ የሽመናና የሌሎች የእጅ ሥራዎች ቅርሶች የተሰበሰቡበት ነው። ከዚያም እዚያው ከተማ ውስጥ ወዳለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይለፉ። ልጆች በሙዚየም ውስጥ ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ስለዚህ አንድ ሥራ ይስጧቸው። ከእንጨት የተሠራ ዕቃ ባዩ ቁጥር "ይህ ከአንድ ግንድ ወጣ ወይስ ተገጣጠመ?" ብለው ይለዩ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የጠራቢና የአናጢ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አናጢ ጣውላን ከጣውላ ያጋጥማል፤ ሚስማር፣ ኮላና መጋዝ ይፈልጋል። ጠራቢ ግን ምንም አይጨምርም። በርጩማው ከመጀመሪያው ግንዱ ውስጥ አለ፤ እርሱ የሚያደርገው የማያስፈልገውን ማንሣት ነው። የተነሣ ደግሞ አይመለስም።

ባለሦስት እግር በርጩማ ሲነሣ ስሟ ቀድሞ የሚጠራው ጅማ መሆኗን አውቃለሁ፤ የጅማ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ቅር አይበለው። ለተማሪ ግን ጎብኚ ያልበዛበት ቦታ ይሻላል ባይ ነኝ። ለገበያ ቀን አሥር በርጩማ ማድረስ ያለበት ሰው ሊያስተምርዎ ቢፈልግ እንኳ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ማን ይማረው?

ይህ ሙያ ድሮ እንዲህ ባለ ጥያቄ አይቸገርም ነበር። ልጅ ከአባቱ ጋር ይውላል። መጀመሪያ ፍቅፋቂ እየለቀመ ወደ ምድጃ ይወስዳል፤ ሲጠነክር ግንዱ እንዳይንከባለል ይይዛል፤ ቆይቶ ሻካራውን ይጠርባል፤ የመጨረሻው ማለስለስ ለአባትየው ይቀራል። ማንም "አሁን ትምህርት እንጀምር" አይለውም። አንድ ቀን አባትየው ታምሞ ይተኛል፤ ልጁ ያልጨረሰውን ሥራ ይጨርስለታል። ተመረቀ ማለት ነው።

ዛሬ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ መሆንም አለበት። ሲመለስ የቤት ሥራ አለው። አባትየውም ልጁ ይህን ሥራ እንዲወርስ የግድ አይመኝም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፕላስቲክ ወንበር በየሱቁ አለ፤ ርካሽ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። በዚያ ላይ የቆየ ነገር አለ። አገራችን ባለ እጅን ስታከብር የኖረች አገር አይደለችም። አንጥረኛው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ምን ምን እየተባሉ እንደኖሩ እናውቃለን። በጉራጌ የቤቱን ምሰሶ ያለ እነርሱ ማቆም የማይቻለው እንጨት ሠሪዎች እንኳ ከሌላው ሰው ተገልለው ይኖሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው! አዋጅ ስድብን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ሰው ልጁን "ሂድና ከእርሳቸው ተማር" እንዲል ለማድረግ ግን አዋጅ አይበቃም።

መንግሥት በከፈተው በኩል ያየን እንደሆነ፣ በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣለት ስም ተግባረ እድ ነው፤ የግእዝ ቃል ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ዛሬ በየክልሉ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ የእንጨት ሥራ የሚማር ወጣት ግን በአመዛኙ የሚሠለጥነው ለማሽን፣ ለኤምዲኤፍና ለቁም ሣጥን ነው። ለእንጀራ ይህ ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ግን ግንድ ፊት ለፊት ቆሞ በመጥረቢያ በርጩማ የሚያወጣ ሰው ከዚያ በር አይወጣም።

ስለዚህ የዛሬ ዕድለኛ ተማሪ ማን ሊሆን ይችላል? ገንዘብ ከፍሎ፣ ቅዳሜና እሑዱን ሰጥቶ፣ ለእንጀራ ሳይሆን ለመማር የሚመጣ የከተማ ቤተሰብ። እርስዎ።

ክፍያው ላይ እንነጋገር

ሠሪውን የት ያገኙታል? ከገበያ ይጀምሩ። በገበያ ቀን ሙቀጫ፣ ገበቴ ወይም በርጩማ የሚሸጡትን ያነጋግሩ። ነጋዴ ከሆኑ ከማን እንደገዙ ይጠይቋቸው፤ አንድ ሁለት ሰው አልፈው ደጁ ላይ ይደርሳሉ። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ "ኦቦ" ብለው ይጥሯቸው፤ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ሲለያዩ "ገለቶማ" ይበሉ። ኦሮምኛ የማይችሉ ከሆነ እነዚህ ሦስቱ ብዙ በር ይከፍታሉ፤ ልጅዎ ቀድሞ ቢይዛቸው ደግሞ የበለጠ።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። "በርጩማውን ልግዛዎትና እየሠሩ ልይ" ይላል። እንዲህ ካሉ ገዢ ነዎት፤ ሰውየው ቶሎ ጨርሶ ሊያስረክብዎ ይጥራል፤ ልጅዎም ያያል እንጂ አይነካም። ይልቁንም እንዲህ ይበሏቸው፦ "ሦስት ቀንዎን እፈልጋለሁ። መጥረቢያውን የምንይዘው እኛ ነን፤ እርስዎ ያስተምሩናል። እንጨት ብናበላሽ የምንከፍለው እኛ ነን።" የሚከፍሉት ለበርጩማ ሳይሆን ለመምህር ነው። ስንት ይሁን ካሉኝ፣ ለልጅዎ የሒሳብ አስጠኚ በሰዓት የሚከፍሉትን ያስቡና በዋሉበት ሰዓት ያባዙት። ቁጥሩ ከአንድ በርጩማ ዋጋ በብዙ ይበልጥብዎታል፤ ደንገጥ ይላሉ። ግን አስጠኚውም ባለ ሙያ ነው፤ እኚህም ባለ ሙያ ናቸው። ሰውየው ከበርጩማው ይልቅ በማስተማሩ የተሻለ ያገኙ ዕለት ደጃቸው ላይ ቆሞ የሚያየው የራሳቸው ልጅ ሥራውን በሌላ ዓይን ያየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ልጅ ነው፤ የእርስዎ ልጅ የሒሳብ አስጠኚ አለው።

ሴት ልጅ ይዘው ቢሄዱ መጀመሪያ ግር ሊላቸው ይችላል፤ ጠረባ በአብዛኛው የወንድ ሥራ ተደርጎ ኖሯል። አይከራከሩ። መጥረቢያውን ትያዘው፤ ቀሪውን እንጨቱ ይናገራል።

መጀመሪያ ስለት

የመጀመሪያው ቀን እንጨት መቁረጥ ሊሆን ይገባል ብለው ከሄዱ ቅር ይልዎታል። የመጀመሪያው ትምህርት መሳል ነው። መጥረቢያውና ቢላው በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ላይ፣ ውሃ እየተረጨ፣ በአንድ ማዕዘን ይሄዳል፤ ይመለሳል። ማዕዘኑ ከተዛባ ስለቱ ይዶለዱማል። ልጆች "አለቀ?" እያሉ ይነጫነጫሉ። አላለቀም። ሲያልቅ የሚያውቁት ቢላው እርጥብ እንጨት ውስጥ ያለ ድምፅ ሲገባ ነው። ስለታም ቢላ ያስፈራል፤ የሚያቆስለው ግን ብዙ ጊዜ ደነዙ ነው። ደነዝ ስለት ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የተጨመረበት ስለት ሲያመልጥ የሚያርፍበትን አይመርጥም።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። ግንዱን የሚፈልጠው ምሳር አለ። ቀጥሎ ስለቱ እንደ ዶማ አግድም የዞረ መጥረቢያ አለ፤ የበርጩማውን መቀመጫ ጎድጎድ አድርጎ የሚያወጣው እርሱ ነው። መሮ አለ፤ ቢላ አለ። ማለስለሻው ድሮ ሻካራ ቅጠልና ድንጋይ ነበር፤ ዛሬ የብርጭቆ ወረቀት ነው። የብዙዎቹ እጀታ ሠሪው ራሱ ያበጀው ስለሆነ ለእርሱ እጅ እንጂ ለእርስዎ አይመችም። ለልጅ እጅ ቀጠን ያለ እጀታ ያለው አነስተኛ ቢላ ከቤት ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ሁለተኛው ትምህርት እንጨቱን ማንበብ ነው። እንጨት የታሰረ ስንደዶ አድርገው ያስቡት። ስንደዶን በቁመቱ መለያየት ቀላል ነው፤ አግድም መቁረጥ ግን ትግል ነው። ስለዚህ ቢላው ሁልጊዜ እንደ ጸጉር በአቅጣጫው መሄድ አለበት፤ በግልባጩ የነዱት እንደሆነ ስለቱ ሥር ውስጥ ይገባና ሊቆርጡት ያላሰቡትን ይዞ ይነሣል። እኔ የመጀመሪያዋን ማማሰያዬን ያጣሁት እንዲህ ነው። አንገቷ ላይ አንዲት ጉብታ ቀርታ ነበር፤ በቸልታ በግልባጩ ገፋሁት፤ ማማሰያዋ ለሁለት ተሰነጠቀች። ሦስት ሰዓት የፈጀ ሥራ በአንድ ትንፋሽ። አጠገቤ የነበሩት ሰው ምንም አላሉም፤ ሌላ ቅርንጫፍ አቀበሉኝ።

አዎ፣ ከማማሰያ ይጀምሩ። በርጩማ የኋላ ጉዳይ ነው። ማማሰያ ከሰዓት በኋላ በአንድ መቀመጫ ያልቃል፤ ለቤት ይጠቅማል፤ ቢበላሽም ቅርንጫፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ልጆችን የእጅ ሥራ ያስተማሩ ሰዎችም የደረሱት እዚሁ ላይ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 ኡኖ ሲግኔዩስ በተባለ ቄስ አሳቢነት የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስገባች። ጥቂት ቆይቶ በስዊድን ኦቶ ሳሎሞን የተባለ ሰው ነአስ በሚባል ስፍራ ለዚህ ትምህርት መምህራንን ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ልጆቹን አናጢ ማድረግ አልነበረም፤ ዓይንና እጅ አብረው እንዲያስቡ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ ቢላ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ዕቃ። የቡና መፋቂያ፣ የቅቤ ማውጫ፣ ማማሰያ ብንለው ያው ነው።

ለማማሰያ ዋንዛ አያስፈልግም። ግቢዎ ውስጥ ሲገረዝ የወደቀ የአቮካዶ ወይም የዘይቱን ቅርንጫፍ ይበቃል። አቮካዶው ለጀማሪ ለስላሳ ነው፤ ዘይቱኑ ጠንካራና ዕድሜ ያለው ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን በጭራሽ አይንኩ፤ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል። ሲያልቅ በኑግ ወይም በተልባ ዘይት ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ የሚደርቁ ዘይቶች ስለሆኑ እንጨቱን ከውሃ ይጠብቁታል። ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ግን አይደርቅም፤ ሲሰነብት ይሸታል።

ሦስት እግር

ማማሰያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሠሩ በኋላ ገበጣ ይሞክሩ። በአንድ ወፍራም ጣውላ ላይ ጉድጓዶችን በመሮ መፈልፈል ነው፤ ለበርጩማው መቀመጫ መለማመጃ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ይጫወትበታል። በርጩማው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ጠራቢው ለበርጩማ ግንድ ሲመርጥ ገና ሳይቆርጥ እግሮቹን ያያቸዋል። የእንጨቱ ክር በእግሩ ቁመት መውረድ አለበት፤ አግድም የሄደ እንደሆነ እግሩ አንድ ቀን ወድቆ ይሰበራል። የግንዱን እምብርት ደግሞ የሚችል ሰው ይሸሸዋል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ከምንም የማይቆጠር ይቀንሳል፤ ወደ እምብርቱ አቅጣጫ ግን በግልጽ ይኮማተራል፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ክብ ግንድ ከዳር እስከ እምብርቱ እንዲሰነጠቅ የሚያደርገው። ቤትዎ ያለውን የተሰነጠቀ በርጩማ ይዩት፤ ስንጥቁ ወዴት እያመለከተ ነው?

እግሩ ለምን ሦስት እንደሆነ ልጅዎን ይጠይቁት። ካላወቀ ሌላ ጥያቄ ያክሉበት፦ ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትንሽ ከጎረበጠ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢያስቀምጡት ሦስቱም መሬት ይነካሉ። አያቶቻችን ወለላቸው አፈር ነበርና ይህን ሳይማሩት ያውቁታል። የእርስዎ ልጅ ጂኦሜትሪ ላይ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ የሚለውን ሲማር ከዚያ በርጩማ በላይ ማስረጃ አያገኝም።

ስለ አደጋ ሳላነሣ አላልፍም፤ ወላጅ ነዎትና እስካሁን እያሰቡት ነበር። ከሰባትና ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ፍቅፋቂ ይልቀም፤ ያለስልስ፤ ዘይት ይቀባ። ከዘጠኝና ዐሥር ዓመት ጀምሮ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቢላ ይያዝ። መጥረቢያ ለጎረምሳ ነው። ሁልጊዜ ተቀምጦ ይሥራ፤ ስለቱ እንጨቱን ወደያዘው እጅ አይምጣ፤ ክንዱ በሚደርስበት ዙሪያ ማንም አይቁም። ፋሻና ንጹሕ ውሃ ቅርብ ይሁን፤ የቴታነስ ክትባቱም ከጉዞው በፊት ይታይ። ጣት መጫር ግን አይቀርም። የእኔ ግምት አንዴ የተጫረ ልጅ ከዚያ በኋላ ከማንም በላይ ጠንቃቃ እንደሚሆን ነው፤ ይህን ለእናቶች መናገር ከባድ ቢሆንም።

ዋንዛው ከየት መጣ?

በርጩማ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይቁረጡ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ የከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች ናቸው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሌላ ተተክቷል፤ ዛፎቹ ግን ስማቸው በአዋጅ መጠራቱ ራሱ ምን ያህል እንዳለቁ ይናገራል። ገበሬው ማሳው ላይ ያሳደገው ዋንዛ ሌላ ነገር ነው፤ ያም ቢሆን የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መቁረጥ ይገባል። ስለዚህ ግንዱን ሲገዙ ከማን ማሳ እንደወጣ ይጠይቁ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ይተዉት፤ መምህርዎ ሌላ እንጨት ይመርጡልዎታል። አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ከአንድ ሙሉ ግንድ ይሻላል፤ ዛፉ ይቀጥላልና። ክረምት ላይ የሄዱ እንደሆነ ደግሞ የዋንዛ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ገዝተው ግንዱን በሰጠዎት ገበሬ ማሳ ላይ ልጅዎ ይትከል፤ ቡናው ጥላ እንደሚፈልግ ገበሬው ያውቃል፤ አይነቅለውም።

ሦስተኛው ቀን ማታ በርጩማው እጅዎ ላይ ነው። ወዲያውኑ ሊቀመጡበት ይፈልጋሉ። አይቀመጡበት፤ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። ክሩ የተቆረጠበትን ጫፍ ሁሉ ሰም ይቀቡት፤ ውሃ ቶሎ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ለሰም ደግሞ ከወለጋ የተሻለ አገር የለም። መኪና ውስጥ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይጫኑት። ቤት ሲደርሱ ምድጃም መስኮትም የማይቀርበው ጥላ ጥግ ያስቀምጡትና ሳምንት በሳምንት በኩሽና ሚዛን ይመዝኑት፤ ካልቻለው ልጅዎ በርጩማውን ታቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ይውጣና የራሱን ክብደት ይቀንስ። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፈው። መጀመሪያ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያ ቀስ ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ያልተነቃነቀ ዕለት እንጨቱ ደርቋል፤ ያን ዕለት ቡና ይፈላ።